የወንፈል ሕግ በሥራ ቦታ

በመሥሪያ ቤት ደጃፍ፣ በጋራዥ በር፣ በስንቅ መጋዘን አጠገብ ወይም በክሊኒክ ወረፋ ላይ ጥቂት ቆሞ ያዳመጠ ሰው አንድ ዓይነት ምሬት ደጋግሞ ይሰማል። «የእኛ ሥራ በሰዓቱ ባለቀ ነበር፤ ያሰናከለን ያኛው ክፍል ነው» ይባላል። ሰሚው ወደ ያኛው ክፍል ቢሻገርም የሚጠብቀው ይኸው ቃል ነው፤ የሚለየው የጣቱ አቅጣጫ ብቻ ነው። በዚህ መካከል ደብዳቤው ሳይፈረም ይውላል፤ መኪናው ሳይጠገን ያድራል፤ ባለጉዳዩም «ነገ ተመለስ» ተብሎ ይሸኛል።

እኛም የሥራችን ጠባይ ከጦር ሠፈር ወደ ከተማ፣ ከከተማም ወደ ጦር ሠፈር የሚያመላልሰን በመሆኑ ይህን ምሬት ከሁለቱም ወገን ለብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ነገሩን በቅርብ ስንመረምረው የደረስንበት እምነት፣ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው አንዱ የሌላውን የሥራ ሸክም ሳያውቅ ሲቀርና ባለማወቁም ላይ ፍርድ ሲጨምርበት ነው የሚል ነው። ክፉ ሰው በየቦታው አይጠፋም፤ ነገር ግን ቁጥሩ ምሬቱን የሚያህል አይደለም። ስለዚህ በሥራ ቦታ ሁለቱንም ወገን የሚጠቅም ግንኙነት በምን ላይ እንደሚመሠረት፣ ሰውንም በሥራው ማወቅ ማለት ምን እንደ ሆነ፣ ለወታደሩም ለከተማው ነዋሪም የሚሆን አሳብ በዛሬው ጽሑፋችን ለማቅረብ እንወዳለን።

ለዚህ ጉዳይ ከሩቅ አገር ትምህርት ከመፈለጋችን በፊት በገጠራችን የኖረውን ወንፈልን ማስታወስ ይገባል። ወንፈል ከደቦ የተለየ ነው። ደቦ የጠራ ገበሬ የመጡለትን ሰዎች በጠላና በእህል ያስተናግዳል፤ ወንፈል የገባ ገበሬ ግን የሚከፍለው በገዛ ጉልበቱ ነው። የአንድ ቀን እርሻ በአንድ ቀን እርሻ፣ የአንድ ቀን አረም በአንድ ቀን አረም ይመለሳል። ይህ ልማድ ሳይጻፍ የኖረ ሦስት ሕግ አለው። አንደኛው፣ ወንፈል የገባ ሰው የባልደረባውን ማሳ በእግሩ ረግጦ ያውቀዋል፤ ድንጋዩ የት እንዳለ፣ ውኃ የሚተኛበት ጥግ የትኛው እንደ ሆነ አይጠፋውም። ሁለተኛው፣ ብድሩን የሚመልሰው ከራሱ ጉልበት እንጂ ከሌላ ሰው ጎተራ አይደለም። ሦስተኛው፣ ብድሩ በወቅቱ ይመለሳል፤ ዝናቡ ካለፈ በኋላ በሬ ጠምዶ የመጣ ባልደረባ መጣ አይባልምና። የመሥሪያ ቤትም ሆነ የጦር ክፍል የሥራ ግንኙነት ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ የጎደለው እንደ ሆነ ውሎ ሳያድር መፍረሱን ለማሳየት እንሞክራለን።

ማሳን ረግጦ ስለ ማወቅ በዐይናችን ያየነውን አንድ ጉዳይ እንጥቀስ። በአንድ የጦር ክፍል ውስጥ የውኃ ቦቴ የሚነዳ አሥር አለቃና የጋራዡ ኃላፊ የሆነ ሃምሳ አለቃ ፊት ለፊት መተያየት ተስኗቸው ነበር። የቦቴው ፍሪሲዮን በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ። ሃምሳ አለቃው በመዝገቡ ላይ «በሾፌሩ ጥፋት» ብሎ ጻፈ፤ ሦስተኛ ጊዜ ቢደገም ዋጋው ከአሥር አለቃው ደመወዝ እንዲቆረጥ አሳብ አቀረበ። አሥር አለቃው በበኩሉ ጋራዡ የሚገጥመው ዕቃ የተበላሸ ነው እያለ ለሰው ሁሉ ያወራ ነበር። ሁለቱም በሥራቸው የተመሰገኑ፣ ሁለቱም ቤተ ሰብ አስተዳዳሪዎች ነበሩ።

የክፍሉ አዛዥ ግን ከመፍረዱ በፊት አንድ ቀላል ትእዛዝ ሰጠ፤ ሃምሳ አለቃው ለአንድ ቀን ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ወደ ውኃው ሥፍራ እንዲሄድ አደረገ። ውኃው የሚቀዳው ከከተማው ዳርቻ ከሚገኝ ቦኖ ሲሆን፣ ቦቴው ተራውን የሚጠብቀው ዳገት ላይ ቆሞ ነበር። የከተማው ሴቶችና ልጆች ጀሪካናቸውን ከፊቱ ደርድረዋል። የእጅ ፍሬኑ መኪናውን በዳገት አይዝም፤ ስለዚህ አሥር አለቃው ወደ ኋላ ተንሸራቶ በሰው ላይ እንዳይወጣ ሲል ሰዓት ሙሉ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ረግጦ መኪናውን ይይዘው ነበር። ሃምሳ አለቃው ይህን ባየ ጊዜ፣ «የእጅ ፍሬኑ አለመያዙን ለምን አልነገርከኝም?» ብሎ ጠየቀው። አሥር አለቃውም፣ «ብነግርዎ መኪናውን ያቆሙብኛል፤ መኪናው ከቆመ ሠራዊቱ ውኃ ያጣል ብዬ ፈራሁ» ሲል መለሰለት።

የእጅ ፍሬኑ በግማሽ ቀን ተጠገነ። የቦኖው ጠባቂ የሆኑት እናትም በትሕትና ሲጠየቁ ቦቴው ከዳገቱ ወርዶ በሜዳው ላይ ተራውን እንዲጠብቅ ፈቀዱ። ወታደሮቹም በዕረፍት ቀናቸው አካፋና ዶማ ይዘው መጥተው በቦኖው ዙሪያ ጭቃ ያበዛውን የፍሳሽ ቦይ ቆፈሩ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛ ሰው አልተገኘም፤ የተገኘው ለብዙ ጊዜ ያልተረገጠ ማሳ ነበር። ሃምሳ አለቃው ቦቴውን በጋራዡ ውስጥ እንጂ በዳገቱ ላይ አያውቀውም ነበር። አሥር አለቃውም የጋራዡ ሰው የእጅ ፍሬን ለመጠገን ግማሽ ቀን ብቻ እንደሚበቃው አያውቅም ነበር።

ከዚህ ላይ ሰውን በሥራው ስለ ማወቅ አንድ ከባድ ነገር ይነሣል። በአገራችን ልማድ ለታላቅና ለአለቃ የሚሰጥ መልስ «እሺ» ነው። «እሺ» ግን አንድ ቃል ይሁን እንጂ አንድ ትርጉም የለውም። «ገብቶኛል፤ እፈጽማለሁ» የሚል እሺ አለ። «አልቻልኩም፤ ነገር ግን በሰው ፊት እንዲህ ማለት ነውር ነው» የሚል እሺም አለ። «ይሂድልኝ» የሚል ሦስተኛ እሺም አይጠፋም። ይሉኝታ ያሳደገው ሕዝብ ሰውን ፊት ለፊት ማሳፈርን አይወድም፤ ይህም መልካም ጠባይ ነው። አለቃ የሆነ ሰው ግን ሦስቱን እሺዎች ለይቶ መስማት ካልቻለ፣ ሥራው መቅረቱን የሚያውቀው ከቀረ በኋላ ይሆናል።

መለያውም አስቸጋሪ አይደለም። «ትችላለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎን» ከማለት ሌላ መውጫ የለውም። «ከየት ትጀምራለህ? ምን ይጎድልሃል? የትኛው ቀን ይከብድሃል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ግን ሳያፍርና ሳያሳፍር እውነቱን የሚናገርበት በር ያገኛል። እንዲሁም ስሕተት በጉባኤ መካከል የተነገረበት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ስሕተቱን ይሸሽጋል፤ ለብቻው የተነገረው ግን ራሱ ቀድሞ ይመጣል። አሥር አለቃው የእጅ ፍሬኑን ነገር የሸሸገው ሐሰተኛ ስለ ነበረ አይደለም። እውነት የተናገረ ሾፌር መኪናው ሲቆምበት፣ ዝም ያለው ሲነዳ ስላየ ነው።

የባልደረባን ማሳ አለመርገጥ የሚያስከትለው ጉዳት በአንድ ቦቴ ላይ ብቻ የሚቀር እንዳይመስል ከታሪክ አንድ ምሳሌ እናምጣ። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሠፈረው ብርጌድ ወታደሮች በተበላሸ ምግብና በውኃ እጦት ተማርረው ነበር። የውኃ መሳቢያው ሞተር ተበላሸ፤ መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ ቢኖራቸውም ወታደሩ ከዚያ እንዳይቀዳ ተከለከለ። አቤቱታውን እንዲመረምሩ ከአዲስ አበባ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ ነበሩ። ወታደሮቹም ጄኔራሉን ይዘው እነርሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትንም እንዲጠጡ አስገደዷቸው። ምሬቱ በነገሌ ብቻ አልቀረም፤ በየካቲት ወር በደብረ ዘይት አየር ኃይል፣ ቀጥሎም በአሥመራ በሠፈረው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተነሣ፤ በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ለዚያ ዓመት ለውጥ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች እንደ ነበሩት የታወቀ ስለ ሆነ፣ ሁሉንም በአንድ የውኃ ጉድጓድ ማሳበብ አይገባም። አዛዥን መያዝም በየትኛውም ጦር የዲሲፕሊን መፍረስ ነው። ቢሆንም ከወታደሩ ድርጊት ውስጥ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ወታደሩ አዛዡን በያዘ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ያደረገው የሚበላውን ማስቀመስ ነበር። ይህም «ማሳችንን ረግጠህ እወቅ» የማለት ያህል ነው። ያ ምግብና ያ ውኃ ከወራት በፊት በገዛ ፈቃድ ቢቀመሱ ኖሮ፣ የአንድ ሞተር ጥገና የአንድ ሞተር ጥገና ሆኖ በቀረ ነበር።

በውጭ አገርም ይኸው ነገር ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ በአሜሪካ፣ ከቺካጎ ከተማ አጠገብ በሚገኘው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሐውቶርን ፋብሪካ፣ መብራትን፣ የዕረፍት ጊዜንና የሥራ ሰዓትን በመለዋወጥ የሠራተኛው ምርት የሚያድግበት መንገድ ለዓመታት ተጠና። ከጥናቱ ይበልጥ ዝነኛ የሆነው ክፍል፣ የሰው ትኩረት ራሱ ምርትን ይጨምራል የሚለው ነው፤ የኋላ ተመራማሪዎች ግን ማስረጃውን እንደ ገና አገላብጠው ተከራክረውበታል። እንዲያውም በልዩ ክፍል ሲጠኑ ከነበሩት ሴቶች መካከል ሁለቱ ወሬ ያበዛሉ ተብለው እ.ኤ.አ. በ1928 መጀመሪያ ላይ በሌሎች መተካታቸው ተመዝግቧል። ለእኛ ይበልጥ ጠቃሚ መስሎ የሚታየን ሌላው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ከ20,000 በላይ ሠራተኞች ተጠየቁ። ጠያቂዎቹ በመጀመሪያ የተዘጋጀ ጥያቄ ይዘው ነበር የሚቀርቡት፤ ሠራተኛው ግን ከተጠየቀው ወጥቶ የሚያሳስበውን ሌላ ነገር ማንሣት አበዛ። ስለዚህ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገው ሰውየው የፈለገውን እንዲናገር ማዳመጥ ጀመሩ። አለቃ የሚጠይቀው እርሱ የሚያሳስበውን ነው፤ ሥራውን የሚያደናቅፈው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ካልተጠየቀው ወገን ይገኛል።

ወደ ወንፈል ሌላው ሕግ፣ ብድርን በወቅቱ ወደ መመለስ እንለፍ። ለዚህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አጀማመር ጥሩ ምሳሌ ነው። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ውል ተዋዋለ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በሚያዝያ ወር 1946 እ.ኤ.አ.፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። በዚያን ጊዜ አብራሪውም፣ መካኒኩም፣ አስተዳዳሪውም በአብዛኛው አሜሪካዊ ነበር። ነገር ግን ኢትዮጵያውያን ከእነርሱ ጎን ሆነው ሥራውን እንዲማሩ ታስቦ ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ለአንደኛው ወገን በውል የተያዘ ሥራ፣ ለሌላው ወገን የሚቀር ዕውቀት ተገኘበት። አስተማሪው ዕውቀቱን እስከ መጨረሻ ይዞ ቢቆይ ኖሮ፣ ወይም ተማሪው ሳይበቃ መሪውን ልያዝ ቢል ኖሮ፣ ሁለቱም በከሰሩ ነበር። በየመሥሪያ ቤታችን የመዝገብ አያያዙን ወይም የማሽኑን ጠባይ ለራሱ ብቻ ደብቆ የሚይዝ ነባር ሠራተኛ፣ ከእርሱ በፊት የነበረው ሰው አስተምሮት እንደ ነበር ሊዘነጋ አይገባውም። የዕውቀት ብድር የሚመለሰው ለሰጪው ብቻ አይደለም፤ ለተከታይም ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ስንል ከአንባብያን መካከል አንዳንዱ፣ «መጠቃቀም የምትሉትማ ከድሮም አልጠፋም፤ እከክልኝ ልከክልህ ነው» ሊለን እንደሚችል እናውቃለን። ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉና መለያቸውን በግልጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በወንፈል የሚሰጠው የሰጪው የራሱ ነው፤ ጉልበቱ፣ ጊዜው፣ ዕውቀቱ። በእከክልኝ ልከክልህ የሚሰጠው ግን በቦታው የሌለ የሦስተኛ ሰው ሀብት ነው። በቦኖው ጉዳይ ላይ አሥር አለቃው ለጠባቂዋ ከመኪናው ታንከር አንድ ጀሪካን ነዳጅ ቀድቶ ቢሰጥና ተራ ቢያስቀድሙት ኖሮ፣ ጉዳዩ በአንድ ቀን ባለቀ፣ ሁለቱም በተደሰቱ ነበር። ነዳጁ ግን የመንግሥት ነው፤ ተራውም ከንጋት ጀምረው የተሰለፉት የከተማው እናቶች ነው። ሁለት ሰዎች የሌላውን ንብረት ተለዋውጠው የተደሰቱበት ግንኙነት ስርቆት እንጂ የሥራ ወዳጅነት ሊባል አይችልም። ወታደሮቹ የቆፈሩት ቦይ ግን የላባቸው ዋጋ ስለ ነበረ ማንንም አልጎዳም፤ ጭቃው ሲደርቅ የጠቀመው ለቦቴውም ለባለ ጀሪካኖቹም ነው። ስለዚህ ውለታ ሊውል ወይም ውለታ ሊቀበል የተነሣ ሰው አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ነገር ነው፦ «ይህን የሚከፍለው ማን ነው?»

ሁለተኛ ተቃውሞም ከጦሩ ወገን ይመጣል። «ወታደር ትእዛዝ ይፈጽማል፤ ሰው መጠየቅና ማዳመጥ ከተበራከተ ዲሲፕሊን ይላላል» ይባላል። እኛም በዲሲፕሊን ያደግን ነንና አሳቡን አንንቀውም። ነገር ግን የቦቴውን ጉዳይ ያቃናው ራሱ ትእዛዝ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። አዛዡ ሃምሳ አለቃውን «ሂድና እይ» አለው፤ ልመና አልለመነውም። ማዳመጥ ከትእዛዝ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው፤ ትእዛዙ ከወጣ በኋላ ደግሞ መፈጸም ነው። የመሬቱን አቀማመጥ ሳያጠና ጦር የሚያሰልፍ አዛዥ በየትኛውም የጦር ትምህርት ቤት አይመሰገንም። ታዲያ የሚያሰልፈውን ሰው ሳያጠና የሚያሰልፍ አዛዥ እንዴት ሊመሰገን ይችላል?

ስለ ከተማውና ስለ ጦር ሠፈሩም ግንኙነት አንድ ቃል እንጨምር። ወፍጮ ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ የጎማ ጠጋኙ ሁሉ ከወታደሩ ጋር በየቀኑ ይገናኛል። ወታደር የለበሰው የደንብ ልብስ ወረፋ የመዝለያ ፈቃድ አይደለም፤ የከተማው ነጋዴም የወታደሩን ደመወዝ መውጫ ቀን ቆጥሮ ዋጋ መጨመሩ ንግድ አይባልም። ሁለቱም ያንን ቀን ሊያተርፉ ይችላሉ፤ በሚቀጥለው ወቅት ግን ወንፈል የሚመልስላቸው አያገኙም። ለከተማው ሰው ወታደሩ ምናልባት ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ቋንቋውም ወጉም የተለየ እንግዳ ነው። ለወታደሩም የከተማው ሰው እንዲሁ ነው። እንግዳን ለማወቅ ደግሞ ሥራውን ከመጠየቅ የሚቀል መንገድ የለም። ማንም ሰው ስለ ሥራው ችግር ተጠይቆ የሚቆጣ አላየንም።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አንባቢ፣ መኮንንም ይሁን ተራ ወታደር፣ ጸሐፊም ይሁን ሸማኔ፣ በሚመጣው ሳምንት አንድ ነገር እንዲሞክር እንጠይቃለን። ሥራዬን ያሰናክልብኛል የሚለውን አንድ ክፍል ወይም አንድ ሰው ይምረጥ። ሌላ ክስ ከመጻፉ በፊት ለግማሽ ቀን ከዚያ ሰው ጎን ይቀመጥ፤ ምን እንደሚያነሣ፣ ምን እንደሚጥል፣ ምን ሲያጣ እንደሚቆም ይይ። ከዚያም «እኔ ከማደርገው ውስጥ ሥራህን የሚያከብድብህ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱንም ሳያቋርጥ ይስማ። የሚሰማው ነገር ደስ የሚያሰኝ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ከተገኙት ችግሮች መካከል ቢያንስ አንዱ በእርሱ በራሱ እጅ የሚቃና ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ያንን በጊዜው ያቃናለት እንደ ሆነ የመጀመሪያውን ቀን ወንፈል ገብቷል ማለት ነው።

ያ ሃምሳ አለቃ ያንን የጋራዥ መዝገብ በሌላ ጊዜ አሳይቶን ነበር። «በሾፌሩ ጥፋት» የሚለውን መስመር በአንድ ሰረዝ ሰርዞ፣ ከጎኑ «የእጅ ፍሬን፤ ዳገት ላይ ይታይ» ብሎ ጽፎበታል። ከሥሩም ፈርሞበታል።